የኧ ነገር

መካነ ሰላም ላይ እንግሊዝኛ የተማርን ሁሉ አንዲት የጋራ ባላንጣ አለችን፤ ትሰማለች እንጂ ፊደል የላትም። «ዶክተር»፣ «ቲቸር»፣ «ሹገር» ጆሮ ላይ አጨራረሳቸው አንድ ነው። ዲክቴሽን ሲመጣ ግን አንዱ ኦ፣ አንዱ ኢ፣ አንዱ ኤ ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ ንግግር ከአናባቢ ሁሉ እሷን ያህል የሚመላለስ የለም፤ አምስቱ አናባቢ ሆሄያት በየተራ ይሸከሟታል እንጂ የራሷ የላትም። እኛ ጋ ባለ ርስት ናት፦ ግዕዙ፣ ተ፣ ቸ፣ ገ። ዶላር ግን «ላ»ን እንደያዘች ገብታለች፤ ገንዘብ ሆና ማን ይዳፈራታል!

ሊቃውንቱ «ሽዋ» ይሏታል፤ ስሙ የዕብራይስጥ ነው፣ ከወንጭት ወንዝ ማዶ ካለው ሸዋ ጋር ዝምድና የለውም። የመጣችበትም መንገድ ይታወቃል። እንግሊዝ ቃሉን አንድ ቦታ ላይ አጥብቆ ያነሣና የቀረውን ያላላዋል። የዛሬ ሺህ ዓመት ግድም በቃል ጫፍ የነበሩት አናባቢዎች በዚህ ልማድ እየደከሙ አንድ መሆን ያዙ፤ የዛሬው «ኔም» ያኔ «ናማ» ነበር። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያ ከተከለ በኋላ ጽሕፈቱ እየደረቀ ሄደ፤ አፉ ግን አልጠበቀውም።

ነገሩን ለአንድ የኔታ አጫወትኳቸው። የንባብ ቤት ተማሪ የግዕዝ ቋንቋ ቃላትን አነባበብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ ብሎ የሚለየው ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ነው። «ታዲያ እናንተ ንባቡን ሳትቀጽሉ ጽሕፈት ትጠየቃላችሁ?» አሉኝ። እንግሊዝኛውንም በዚያ ዓይን ላየው ሰው ነገሩ ይቀላል። «ፎቶግራፍ» ሲባል ፎ ተነሽ ናት፤ «ፈቶግረፊ» ሲባል ትወድቅና ኧ ትሆናለች። ጽሕፈቱ ኦን ባለችበት ስለሚተዋት የሁለቱ ዝምድና አይጠፋም። የወደቀችዋን ለማወቅ የተነሣችበትን ዘመድ ቃል መፈለግ ነው።

ብቻ እንግሊዝን ስናማ ሳድሳችን እንዳትሰማ። «ምሳ» ስንል ድምፅ የምታወጣው ም፣ «መካነ ሰላም» ስንል አናባቢዋን ውጣ ቁጭ ትላለች፤ መልኳ ግን ያው ነው። ግዕዙን ለእንግሊዝ ብናበድር ደግ ነበር፤ ሳድሷን ግን እንኳን ሊበደረን፣ በነጻም የሚወስድልን የለ።