ቀሪ ሲታጣ

ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ የነቀምቴ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ፣ በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከምትማረው የእኅቴ ልጅ ዘንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ለመማር ተቀመጥሁ። ሉፕ ከሚባለው ክፍል ስንደርስ ልቤ ኮራ። ሉፕ ማለት አንድን ትእዛዝ፣ የተሰጠው ገደብ እስኪሞላ ድረስ፣ እየደጋገመ የሚያስፈጽም ዙር ነው። እንዲህ ያለውን ዙር እኔ በልጅነቴ ጊምቢ ውስጥ ከየኔታ እግር ሥር አውቄዋለሁ፤ የባሕረ ሐሳብ ዐውደ አበቅቴ በየ19 ዓመቱ ይመለሳልና። እርግጥ ነው፣ ትምህርቱን ሳልፈጽም ወደ አስኳላ ኮብልያለሁ፤ የኔታንም ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ደንቡን ለልጅቱ ነገርኋት። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። ለ2000 ዓመተ ምሕረት ወንበሩ 13፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ይሆናል፤ የሁለቱም ድምር 30 ነው።

ከ1990 እስከ 2008 ያሉትን 19 ዓመታት እንዲያሰላ በሲ ቋንቋ ጻፍሁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን 1990ን ብቻ ያለማቋረጥ ያወርድ ጀመር።

«ጋሼ፣ በዓመቱ ላይ አንድ መጨመሩን ረስተዋል» አለችኝ እየሳቀች።

አረምሁት። ዓመታቱ በሥርዓት ተከታትለው መጡ፤ 2005 ላይ ሲደርስ ግን አበቅቴው ከዜሮ በታች 11 ሆኖ ወጣ። መኪናው ተሳሳተ ብዬ ተቆጣሁ።

«ደንቡን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት» አለች።

7505 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ከባዶ ላይ አንድ መቀነስ ምን ማለት እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። ጃንጥላዬን ይዤ፣ አብሮኝ ፊደል ወደ ቈጠረውና ዛሬ እዚሁ ከተማ በመሪጌትነት ወደሚያገለግለው ባልንጀራዬ ሄድሁ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ መለሰልኝ።

«ቀሪ ሲታጣ ወንበሩ 18 ነው። ይህንማ የኔታ ያስተማሩን አንተ በጠፋህ ማግሥት አይደለም እንዴ!»

ማታውኑ አንድ የሁኔታ መስመር ጨመርሁ። ለ2005 አበቅቴ 18፣ መጥቅዕ 12 ወጣ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2006 ግን፣ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ተጻፉ፤ ድምራቸው 30 መሆን ሲገባው። በማግሥቱ ጃንጥላዬን አንሥቼ ወደዚያው ቤት ተመለስሁ።