እሑድ የማን ናት?

በዚህች መጽሔታችን ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆትና ስለ አገር ብዙ ተጽፏል። እኛ ደግሞ ዛሬ ስለ እግር ልንጽፍ ተነሣን። «ስለ እግር ምን ይጻፋል?» የሚል ቢኖር፣ እስክንጨርስ ይታገሠን።

እኛ የማታው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች ነን፤ ባልና ሚስት። አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት አንዲት ልጅ አለችን። ቀን ቀን መሥሪያ ቤት እንውላለን፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ተኩል ክፍል እንቀመጣለን፤ ከዚያ የተኛች ልጃችንን ከእማማ ቤት ተቀብለን፣ ታቅፈን ወደ ቤታችን እንገባለን። ይህ ሁሉ ሳያንሰን ሯጮች ነን። ለሜዳሊያ አይደለም፤ ያ ጊዜ አልፏል። የተዋወቅነው ጃን ሜዳ ስንሮጥ ነውና፣ ሩጫውን መተው ትዳሩን ከሥሩ መንቀል መስሎ ይታየናል።

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰው ሲባል፣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ያችን አንዲት ምሽት ነው። ከእርሷ በፊት ስላሉት ወራት ማን ያወራል? ሩጫ ግን የሚበላው እነርሱን ነው። በባሕር ማዶማ የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሃዋይ ላይ 15 ሰዎች 3.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋኝተው፣ 180 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ነድተው፣ በላዩ ላይ ማራቶን ሊሮጡ ተነሡ፤ 12ቱ ጨረሱ። ረጅሙ ትራያትሎን የሚባለው ይህ ነው። ባልየው ይህን አንብቦ ተደነቀ። ሚስትየዋ «ቤታቸውስ ማን ነበር?» አለች። ቀልድ መስሎን ሳቅን።

ደንባችን እንዲህ ነበር። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሌሊት በአሥር ሰዓት የሚነሣው እርሱ ነው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እርሷ። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ከልጅ ጋር ይቀራል። እሑድ ግን ለሁለት አትቆረጥም። ረጅሙ ሩጫ፣ ሠላሳው ኪሎ ሜትር፣ የእሑድ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ቀዝቃዛ አየር። ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ መታጠቡ፣ ከዚያ እንቅልፉ፤ በቃ ቀኑ አለቀ። «እስከ ውድድሩ ብቻ» ብሎ እሑድን እርሱ ወሰዳት። ውድድር ደግሞ መቼ ያልቃል? አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ወር ሆነ።

አንድ እሑድ ሌሊት ልጅቷ አተኮሳት። ባልየው ግንባሯን ዳሰስ አድርጎ «ትንሽ ነው፤ ቶሎ እመለሳለሁ» አለና ስልኩን ትቶ ወጣ። ሲመለስ በሩ ተቆልፏል። «ትኩሳቱ አንቀጥቅጧት ክሊኒክ ይዛት ሮጠች፤ አንተ የት ሄደህ ነው?» አለችው ጎረቤታችን። ከቤታችን እስከ ክሊኒኩ የሮጠውን ያህል ከዚያ በፊት ሮጦ አያውቅም። ደግነቱ ቶንሲል ነበር፤ ትኩሳቱም በርዷል። ልጅቷ ላቡን አይታ «አባዬ፣ አንደኛ ወጣህ?» አለችው።

ሚስትየዋ ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን እርሱ ራሱን ሊከላከል ደራርቱ ቱሉን ጠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ፣ በመካከሉ ወልዳ ደግሞ በ2000 ሲድኒ ላይ፣ በ10,000 ሜትር ወርቅ ማግኘቷን። «ልጅ ያለው ሰው መሮጥ ይችላል ማለት ነው» አለ።

«ይችላል እንጂ! ግን እርሷ ስትሮጥ ልጇን ማን እንደያዘላት አንብበሃል? እኔም እኮ ሯጭ ነኝ። አንተ ሠላሳ ስትሮጥ እኔ ስምንት ነው የምሮጠው፤ እርሱንም ሰዓት እያየሁ።»

መልስ አልነበረውም።

በተከታዩ እሑድ እርሷ ወጣች። እንጦጦ ዳገት ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኘች። አንዷ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አሳርፋ «ምነው እንዲህ ትሮጫለሽ? ማን አባረረሽ?» አለቻት።

«እንዲያው ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «ልጅ አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ከማን ጋር ናት?»

«ከአባቷ ጋር።»

«እሰይ፣ ይባርከው! የኔን ጎረቤት ናት የምትይዝልኝ» አለችና ሸክሟን አንሥታ ቁልቁል ወረደች።

ይህን ሰምተን ሁለታችንም አፈርን። እኛ ወደን እንደክማለን፤ እርሷ ለእንጀራ። ይሁን እንጂ ጥያቄዋ የእኛም ጥያቄ ነው። ደክሞ የሚመለስ ሰው ሁሉ ቤቱን የያዘለት ሌላ ሰው አለ፤ ያን ሰው ሳይቆጥሩ ኪሎ ሜትር መቁጠር ግን ሒሳብ አይሆንም።

አሁን እሑድ በተራ ሆናለች። ባልየው የዘንድሮውን ማራቶን ትቶ ግማሹን ሊሮጥ ወስኗል። አልቆጨኝም አይልም፤ ቆጭቶታል። በማይሮጥበት እሑድ ጨጨብሳ ይሠራል፤ አንዳንዴ ያሳርረዋል። እማማ አንድ ቀን መጥተው ከምጣዱ ፊት ሲያዩት «ልጄን ለዚህ ነው ያሳደግሁት?» አሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው በሉለት።

ይህን የምንጽፈው ቅዳሜ ማታ ነው። ነገ ተራው የእርሷ ነው። ሰዓቱ በአሥር እንዲደውል ተሞልቷል። ሲደውል ሁለታችንም እንነቃለን፤ የሚወጣው ግን አንዱ ነው።