ከካራማራ ፊት ለፊት

«ውጊያ አይተሃል?» ሲሉኝ ኖረዋል። ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ ያየሁትስ ጥቂት ነው። የሰማሁትና የተሸከምኩት ይበልጣል።

ከታጠቅ ጦር ሰፈር ወደ ሐረር ስንጫን ገና ጢሜ አላቀመቀመም ነበር። ጂጂጋ በመስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃለች፤ ሐረርም ራሷ ተጨንቃለች። ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ ነበር። ዛሬም ጎረቤት ገብስ ሲቆላ ያ የበሶ ሽታ ባሩዱን አስከትሎ ይመጣብኛል።

ሥራዬ የሞርታር ቅምቡላ መሸከም ነው። የ82 ሚሊ ሜትሩ አንዱ ሦስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሜዳ ላይ ምንም አይደል፣ ዳገት ላይ ግን ትከሻ ይገምሳል። ከተኳሾቹ አንዱ ጋሼ የምለው የጎጃም ገበሬ ነበር። ምሽግ ከመቆፈሩ በፊት አፈሩን በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ፣ «ይኼስ ማሽላ ያበቅል ነበር» ይላል፤ ከዚያ አካፋውን ያነሳል። መስማት ያስተማረኝም እሱ ነው። «ልጄ፣ የሚያፏጨውን አትፍራው፣ አልፎሃል። ዝም ያለውን ነው መፍራት።»

ከሐረር ጂጂጋ የሚወስደው መንገድ በካራማራ ማለፊያ በኩል ነው፤ ማለፊያውን የያዘ መንገዱን ይዟል። የሶማሊያ ወታደሮች ከላይ ሆነው ያዩናል፣ እኛ አናያቸውም። ቀን ይተኮሳል፣ ማታ ይተኮሳል። ተኩሱ በረድ ሲል ደግሞ ጥሙ ይነሳል፤ ውሃ በኮዳ ክዳን እየተለካ ነበር የሚታደለን። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። ጋሼን ይህ አንገበገበው። «ምን ዓይነት ጦር ነን? ተራራ ሥር ተጎልተን!» ይል ነበር። እንዲህ እንደተብሰለሰለ አንድ ማለዳ ፍንጣሪ መታው። ያቃተን መስሎት ሞተ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የራሳችንን ውጊያ ወሬ መጨረሻ የሰማነው እኛው ነን። ለካ ሌላው ሠራዊት ሊረዱን ከመጡት የኩባ ወታደሮች ጋር በሰሜን በኩል ተራራውን ዞሮ፣ ብረት ለበስ ሳይቀር በሄሊኮፕተር አሻግሮ፣ ከጀርባ እየወጣ ኖሯል! የካቲት 26 ቀን ጂጂጋ ነጻ ወጣች። እኛ እዚያ የተቀመጥነው ጠላት ፊቱን ከኛ እንዳያዞር መሆኑ የገባኝ ግን ከዓመታት በኋላ፣ ካርታ ዘርግቼ ሳየው ነው። ደስ አለኝ ልበል? ጋሼን ሳስብ እንባዬ ቀደመኝ። አንድ ሰው አንድ ቃል ቢነግረው ምን ነበረበት! ምስጢር መጠበቅ ነበረበት፣ ይገባኛል፤ አንጀቴ ግን እሺ አይልም።

ኋላ ልጁን አፈላልጌ አገኘሁት። ጎልማሳ ሆኗል። ወረቀት ላይ ተራራውን ሳልኩለት፣ መንገዱን፣ የዞሩትን፣ እኛን። «አባትህ ያልተነቃነቀው አቅቶት አይደለም፤ ሌሎቹ እስኪዞሩ ድረስ ያን ሁሉ እሳት በደረቱ ይዞላቸው ነው» አልኩት። ሲጠይቀኝ አመሸ፤ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት።