«ኦን ሐዋሳ»

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ የቆየ ዕዳዬ ልናገር ነው።

ቅዳሜ አሞራ ገደል አሳ ልበላ ሄጄ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ አላወቁኝም?» አለችኝ። ፊቷ አልጠፋኝም፣ ስሟ ነው የጠፋኝ። ፈገግ ብላ «አይ ሊቭ ኦን ሐዋሳ» ስትለኝ ግን ክው አልኩ።

ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ዘጠነኛ ክፍል፣ የመጀመሪያው ሳምንት። ራሳችሁን በእንግሊዝኛ አስተዋውቁ አልኩ። ይህቺ ልጅ ተነስታ እንዲሁ አለች። እኔም «ጣሪያ ላይ ነው እንዴ የምትኖሪው?» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ የሳቀች መስሎኝ ነበር።

«ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጄን አውጥቼ አላውቅም» አለችኝ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ጓደኞቿ ለቢሮ ሥራ አብራቸው እንድታመለክት ጎትጉተዋት ነበር። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው ሲባል ቀረች። ይህን ስትነግረኝ ቂም የለባትም። ለእኔ የከበደኝም እሱ ነው።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ልጅቷ የተናገረችው ያለ ምክንያት አልነበረም። እኛ «ሐዋሳ ላይ ነው የምኖረው» እንል የለ? «ኦን» ማለት «ላይ» ነው ብለን ያስተማርናት ደግሞ እኛው መምህራን ነን። አፏን የፈታችው በሲዳሙ አፎ ነው፤ እዚያ ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሙ መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ቅጥያ ነው። እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋዋ ነበር።

የእኛ «በ» ብቻዋን የስንቱን ሥራ ትሠራለች! በጥር ወር ስንል «ኢን»፣ በበዓሉ ዕለት ስንል «ኦን»፣ በስድስት ሰዓት ስንል «አት»፣ በአውቶቡስ ስንል «ባይ»፣ በእስክሪብቶ ስንል «ዊዝ»። አንዷን «በ» ይዞ ከአምስቱ መምረጥ ለማንም ያደናግራል።

ልጇ አምስተኛ ክፍል ናት። «እንዴት ልርዳት?» ስትለኝ ሐይቁን አሳየኋት። አሳው ሐይቁ ውስጥ ነው፣ «ኢን»። ጀልባዋ ሐይቁ ላይ ናት፣ «ኦን»። እኛ ሐይቁ ዳር ነን፣ «ባይ»። በዓይን የሚታየውን እንዲህ በዓይን ማስተማር ይቻላል። የማይታየውን ግን ከነጓደኛው መያዝ ነው፦ «ዲፔንድ ኦን»፣ «ጉድ አት»፣ «አፍሬድ ኦፍ»። ከእሱ ጋር ተጋባች ብለን ስለምናስብ «ማሪድ ዊዝ» እንላለን፤ እንግሊዝኛው «ማሪድ ቱ» ነው። ስለ ጉዳዩ ተወያየን ብለን «ዲስከስ አባውት» እንላለን፤ «ዲስከስ» ግን ምንም አያስከትልም። ቃሉን ለብቻው ከመሸምደድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ደጋግሞ ማለት ይሻላል።

ጮክ ብሎ ለማለት ደግሞ የማይስቅ ሰው ያስፈልጋል። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ኧረ ቲቸር፣ ድሮ ነው እኮ!» አለች፤ ዓይኗ ግን ሐይቁ ላይ ነበር።

እናንተም መካከል ያሳቅኩበት ካለ፣ ይቅርታ። ኮሜንት ላይ በእንግሊዝኛ ጻፉልኝ። በ«ኦን» ጻፉት በ«ኢን»፣ አልስቅም።