«ልጄ ጨዋታዋን አልጨረሰችም»

አባቴ የእስቴ ገበሬ ነበር። የቅርጫት ኳስን ሕግ እስኪሞት ድረስ አላወቀውም። እኔን ተጫዋች ያደረገኝ ግን እሱ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ደብረ ታቦር እማር ነበር። ረዘም ያልኩ ስለነበርኩ የስፖርት አስተማሪያችን የሴቶች ቡድን ውስጥ አስገቡኝ። ለክረምት ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኩት። «ቅርጫቱ ምን ይይዛል?» አለኝ። «ምንም። ታቹ ክፍት ነው» ስለው ከልቡ ሳቀ። «ታዲያ ምኑን ቅርጫት ሆነ!»

ጨዋታው በ1891 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር የተሰቀለው ታች ያለው የኮክ ቅርጫት ነበር፤ ኳስ በገባ ቁጥር ወጥቶ የሚያወርደው ሰው ያስፈልግ ነበር። ይህን ያነበብኩት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

በሳምንቱ ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ቆርጦ ተከለ። የአሮጌ በርሜል ብረት አስቀጥቅጦ ቀለበት አደረገለት። ቁመቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር መሆን ነበረበት፤ በአባቴ ክንድ ስድስት ክንድ ከስንዝር ሆነ። ኳሴ የጨርቅ ስለነበረ አይነጥርም፤ መወርወር ብቻ ተለማመድኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሽማግሌዎች መጡ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ጠያቂው ከብት የሞላው ቤት ነው። «ልጅቱ ደርሳለች፤ እርስዎ ግን እንጨት ተክለው ያዘልሏታል» አሉት። አባቴም «ልጄ ጨዋታዋን አልጨረሰችም። ስትጨርስ ራሷ ትነግራችኋለች» ብሎ ሸኛቸው።

በዚያ ዓመት ለአጨዳ ደቦ ሲጠራ ከዚያ ወገን አንድም ሰው አልመጣ። አባቴና እናቴ ገብሱን ብቻቸውን አጨዱ። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ከእናቴ ነው፤ እሱ ትንፍሽ አላለም።

የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲኖር ስንቄን በአህያ ጭኖ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ደብረ ታቦር ይመጣል። ጋቢውን ተከናንቦ ዳር ይቀመጣል። ተጋጣሚዎቻችን ሲያገቡም ያጨበጭባል። «አባዬ፣ ለእነሱ ለምን?» ስለው፣ «እነሱስ የሰው ልጆች አይደሉም?» ይለኛል።

ታዋቂ ተጫዋች አልሆንኩም። አሥራ ሁለተኛን ስንጨርስ ቡድናችን ተበተነ። ጎንደር ገብቼ በነርስነት ዲፕሎማ ተመረቅሁ፤ ስማዳና ጋይንትም ተመድቤ ሠራሁ።

አባቴ ያደረገልኝ የገባኝ እዚያ ነው። ሁለትና ሦስት ቀን አምጠው በቃሬዛ የሚመጡ ልጆች ነበሩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ እኛ ዘንድ የሚመጡት ከዚያም ያነሱ ነበሩበት። ዳሌያቸው ገና አልሰፋም። ሕፃኑ ሞቶ፣ ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸውን በ1967 ዓ.ም. ወደተከፈተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ልከናል።

አባቶቻቸው ከቃሬዛው አጠገብ ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ልጃቸውን አይወዱም ማለት አልችልም። ግን ሽማግሌ ሲመጣ እምቢ ማለት ከብዷቸዋል። እምቢታ ደቦ እንደሚያስቀር አውቃለሁና አልፈርድባቸውም።

ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቢ ብራያንት ከ13 ዓመት ልጁ ከጂያና ጋር በሄሊኮፕተር አደጋ ሲሞት፣ ወሬውን ያሳየኝ የልጅ ልጄ ነው። እሷ ልትጫወት፣ እሱ ቡድኗን ሊያሠለጥን እየሄዱ ነበር። ያ ዓለም ያወቀው ሰው ነው፤ የእኔ አባት ከመንደሩ ውጪ የሚያውቀው አልነበረም። ሁለቱም ግን የልጃቸው ጨዋታ ላይ ለመገኘት መንገድ የወጡ አባቶች ናቸው።

ዛሬ ሕጉ ተለውጧል፤ ከ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ወዲህ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ሕጉ ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ ሽማግሌ አይመልስም፤ የሚመልሰው አባት፣ እናት፣ አያት ነው። ስለዚህ ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ልጃችሁ የምትጫወተውን ባታውቁትም ሄዳችሁ ዳር ተቀመጡ። ለመጣው ሽማግሌም መልስ አዘጋጁ።

አባቴን ነፍስ ይማርልኝ።