ከመንጋ የሚበልጥ ውርስ

አባት ለልጁ ምን ያወርሳል? ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ በኬንያ በኩል እስካለው እስከ ኦቦ ድረስ ለሚኖረው የቦረና አርብቶ አደር የዚህ ጥያቄ የመጀመሪያ መልስ ከብት ነው።

በቦረና ባህል ወንድ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ጊደር ይሰጠዋል። ስጦታው «ሃንዱራ» ይባላል፤ ትርጉሙም እትብት ማለት ነው። ጊደሪቱ እየወለደች ስትራባ ልጁም አብሮ አድጎ ባለከብት ይሆናል። አባት ሲሞት የቀረውን መንጋ በይበልጥ የሚረከበው የበኩር ልጁ ነው።

ይሁን እንጂ ከብት አላቂ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ስለ ቀረ በድንበሩ ግራና ቀኝ እጅግ ብዙ ከብት ሞተ። መንጋ የወረሰ ሁሉ ባዶ እጁን ሊቀር እንደሚችል ታየ።

ለእንዲህ ያለ ቀን አባቶች ያቆዩት ሥርዓት «ቡሳ ጎኖፋ» ይባላል። ከብቱ ያለቀበት ሰው ችግሩን ለጎሳው ያስታውቃል። ጎሳውም ነገሩን መርምሮ፣ ካለው ላይ አዋጥቶ፣ ለዘር የሚሆኑ ላሞች ይሰጠዋል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ዛሬ የተቀበለ ነገ ለሌላው የመስጠት ግዴታ አለበት።

በእርግጥ ድርቁ ሁሉን በአንድነት ሲመታ የሰጪውም በረት ይራቆታል፤ የሚዋጣውም ያንሳል። ቢሆንም ጥቂቱን የመካፈል ልማድ እስካልጠፋ ድረስ መንጋው እንደገና ሊራባ ይችላል። ልማዱ ከጠፋ ግን የሞላ በረት የወረሰ ልጅ እንኳ በክፉ ቀን ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ አባት ለልጁ ከጊደሪቱ ጋር መስጠትንም ሊያወርሰው ይገባል።