«ልጄ» ብሎ የጠራ ባለዕዳ ነው

የአንድ አገር ሕዝብ ጠባዩ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ የማያውቀውን ሰው የሚጠራበት ቃል ነው። የሚያውቁትንማ በስሙ ይጠሩታል፤ ማዕርግ ቢኖረውም ከስሙ በፊት ያስቀድሙለታል። ስሙን፣ አገሩንና ወገኑን የማያውቁትን ሰው በመንገድ ወይም በገበያ ሲያገኙት ግን ምን ይሉታል? በእኛ አገር የዚህ ጥያቄ መልስ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሽማግሌውን «አባቴ»፣ ባልቴቲቱን «እናቴ»፣ እኩያውን «ወንድሜ» ወይም «እኅቴ»፣ ታናሹን «ልጄ» ይሉታል። እንግዳ የነበረው ሰው በአንዲት ቃል ከቤተ ዘመድ ይቈጠራል ማለት ነው።

በታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ በዓርብ ገበያ ይህ ልማድ በግልጥ ይታያል። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ነው፤ ገበያም ዕቃ የሚለወጥበት ቦታ ብቻ ሳይሆን የማይተዋወቁ ሰዎች እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ከቆላ ማሽላ፣ ከደጋ ገብስና ባቄላ ይዘው የመጡ ሰዎች በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ገዢው፦ «እናቴ፣ ይህን ባቄላ ስንት ይሉታል?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጪቱም ዋጋዋን ትናገርና፦ «አንተስ ልጄ፣ ስንት ትላለህ?» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ክርክር ይጀመራል። አንዱ ይቀንሳል፣ አንዷ ትጨምራለች፤ ገዢው ሁለት ጊዜ ትቶ ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜም ተጠርቶ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን «እናቴ» ማለት አይቀርም፤ «ልጄ» ማለትም አይቋረጥም። ዋጋው ከተቈረጠና እህሉ ከተሰፈረ በኋላ ሴትዮዋ ከልኩ በላይ አንድ እፍኝ ትጨምርለታለች። ይህን ጭማሪ ሕዝባችን «ምርቃት» ይለዋል።

ስሙ እንዲያው በዘፈቀደ የወጣለት አይመስለንም። ምርቃት ወላጅ ልጁን የሚባርክበት ቃል ነውና፣ ሻጪቱ «ልጄ» ብላ የጠራችውን ሰው ባዶውን አልሰደደችውም። እኛ እንደምናስበው የዚህ አጠራር ምሥጢሩ ያለው በዚያች እፍኝ ውስጥ ነው። «ልጄ» ያለ ሰው በገዛ አንደበቱ ዕዳ ገብቷል፤ እፍኟም የዕዳው ክፍያ ናት።

ቃላቱን ራሳቸውን ብንመረምራቸው ይህንኑ ይነግሩናል። በዕድሜ የሚበልጠንን ሰው «ጋሼ» ስንለው «ጋሻዬ» ማለታችን ነው፤ ጋሻ ደግሞ ጦር በመጣ ጊዜ ከፊት የሚቀድም እንጂ ከኋላ የሚሸሸግ አይደለም። «እቴ» እና «እትዬ» የሚባሉት «እኅቴ» ከሚለው የወጡ ናቸው። የቤተ ክህነት ተማሪ መምህሩን «የኔታ» ሲል «የኔ ጌታ» ማለቱ ነው። ተማሪው በዚህ ቃል ታዛዥነቱን ይገልጣል፤ መምህሩም በዚሁ ቃል ቀን ከሌሊት ሳይል የማስተማርን ሸክም ይቀበላል። ስለዚህ እያንዳንዱ አጠራር ሁለት ጫፍ እንዳለው ገመድ ነው፤ ተጠሪውን ብቻ ሳይሆን ጠሪውንም ያስራል።

ጋይንት ለዚህ ነገር ሌላም ምስክር አላት። በዚያ የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ በመሆኗ በሊቃውንት ዘንድ በመላው ኢትዮጵያ የታወቀች ናት፤ ዜማ ሊማር የሚሻ ተማሪም አባት እናቱን ትቶ ከሩቅ አገር ወደ እርሷ ሲጓዝ ኖሯል። እንዲህ ያለው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ከውስጥ የምትወጣው የቤቱ እመቤት ስሙን አታውቅም፤ የወለደችውንም እናት አይታት አታውቅም። ሆኖም ውሻዋን ትቈጣና «ና ልጄ» ብላ ለልጆቿ ካሰናዳችው ቈርሳ ትሰጠዋለች። ምናልባት በዚያችው ሰዓት የእርሷም ልጅ በሌላ አገር፣ በሌላ ሴት ደጅ ቆሞ ይሆናል። የአብነት ትምህርታችን እስከ ዛሬ የቆየው በመምህራኑ ትጋት ብቻ ሳይሆን፣ ላልወለዱት ልጅ እናት መሆንን ባልናቁ ሴቶች እጅ ጭምር ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በመጽሐፈ ሩት የምናገኘው ታሪክም ከዚህ ጋራ ይስማማል። ሩት ሞዓባዊት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ በሰው አገር በሰው እርሻ ላይ ቃርሚያ የምትለቅም ችግረኛ ነበረች። የእርሻው ጌታ ቦዔዝ ባገኛት ጊዜ «ልጄ» ብሎ ጠራት። ነገር ግን በቃሉ ብቻ አልቀረም፤ ጐልማሶቹ እንዳይነኳት አዘዘ፣ ከሠራተኞቹ ውኃ እንድትጠጣ ፈቀደ፣ ከማዕዱ አቀረባት፣ ሆን ተብሎም ዛላ እንዲተውላት አደረገ። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 5፣ አረጋውያንን በወላጅ፣ ወጣቶችን በወንድምና በእኅት ዓይን እንዲያይ ሲመክረው፣ ወደ ወጣት ሴቶች በደረሰ ጊዜ የንጽሕናን ነገር ለይቶ አሳስቦታል። ቃሉ ለክፉ ነገር መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜም የታወቀ ነበርና።

የማዕርግ አጠራር ከመንግሥት ጋራ ሲለዋወጥ አይተናል። በንጉሡ ዘመን «ጌታዬ» እና «እመቤቴ» ማለት የተለመደ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ «ጓድ» መባባል ተስፋፋ፤ መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ሲለወጥ እርሱም ከሕዝቡ አንደበት እየራቀ ሄደ። «እናቴ» እና «ልጄ» ግን ማንም በዐዋጅ አልሰጠንም፤ ማንም በዐዋጅ አልሻረብንም።

እንግዲህ የሚያሳስበን ቃላቱ መጥፋታቸው አይደለም፤ እንዲያውም በዝተዋል። የሚያሳስበን ከዕዳቸው መለየታቸው ነው። በአዲስ አበባ የታክሲው ረዳት ባልቴቲቱን «ማዘር» ይላታል። የያዘችውን ዘንቢል ተቀብሎ፣ ቦታ አስለቅቆ ካስቀመጣት ቃሉ የውጭ አገር ቢሆንም ሥራው የልጅ ሥራ ነውና እኛ አንነቅፈውም። «ማዘር» እያለ ከታሪፍ በላይ ካስከፈላት ግን በእናትነቷ ላይ ቀልዷል። በየሱቁም ሻጩ ለገባው ሁሉ «የኔ ቆንጆ»፣ «ማሬ»፣ «ሆዴ» ይላል፤ በስልክ መስኮት ዕቃ የሚያስተዋውቀውም ፊታቸውን አይቶ የማያውቃቸውን ሺህ ሰዎች «ውዶቼ» ይላቸዋል። እነዚህ የቁልምጫ ቃላት ባልና ሚስት በጓዳቸው፣ እናትም ሕፃኗን አቅፋ የሚናገሯቸው ነበሩ። ሻጩ ደስ ሊያሰኘን ብሎ ነው እንጂ ክፋት አስቦ አይደለም የሚል ይኖራል፤ ይህም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ለጫማና ለሽቶ መሸጫ ሲነገር የዋለ ቃል ማታ ለትዳር ጓደኛ ሲቀርብ ኃይሉ ደክሞ መገኘቱ አይቀርም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው በሥራ ቦታ የሚደረገው ነው። በቅርብ የምናውቃት አንዲት ወጣት በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ አለቃዋ ወንዶቹን ባልደረቦቿን «አቶ እገሌ» እያለ በማክበር ሲጠራ፣ እርሷን ግን ሁልጊዜ «የኔ ቆንጆ» ይላት ነበር። አንድ ቀን በትሕትና፦ «በስሜ ቢጠሩኝ ደስ ይለኛል» አለችው። እርሱም በሰው ፊት ስቆ፦ «በፍቅር ብጠራሽ ምን አስቈጣሽ?» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ፊቱን አጠቈረባት፤ ሥራዋንም ያከብድባት ጀመር። በዚህ ጊዜ የቃሉ ባዶነት ተገለጠ። የሚያፈቅር ሰው «በስሜ ጥራኝ» ስለተባለ አይበቀልምና። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ሲከለክል፣ በእጅ የሚደረገውን ብቻ ሳይሆን በንግግርና በምልክት የሚደረገውንም አስቦ ነው። ልጆቻችንን ለሥራ የምንልክ ወላጆች ይህን ልናውቅና ልናሳውቃቸው ይገባል። «በፍቅር ነው» የሚል ምክንያት ከፊታቸው ሲቀርብ ዝም እንዲሉ ሳይሆን፣ ለእኛ ደፍረው እንዲነግሩን ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።

ሽማግሌዎችንም በቁልምጫ ማሳነስ አለ። በሕመም ተኝተው ሳለ አገር ያስተዳደሩ፣ ልጅ ወልደው ለወግ ለማዕርግ ያበቁ ሰዎች «ጎሽ፣ የኔ ማር፣ አፍሽን ክፈቺ» ሲባሉ እንሰማለን። በአሜሪካ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የመርሳት ሕመም ያደረባቸው አረጋውያን እንደ ሕፃን እየተቈላመጡ ሲነገራቸው፣ እንደ ዐዋቂ ሲነገራቸው ከሚያደርጉት ይልቅ የሚረዷቸውን ሰዎች አብዝተው እንቢ እንደሚሉ ተመልክቷል። አእምሮ ሲደክም እንኳ ክብር አይረሳም ማለት ነው። ጐንደር የተወለደ ሰው በዕድሜ የሚበልጠውን «አንቱ» ብሎ ያደገ ነውና ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። «እማማ፣ ጥቂት ይቅመሱልኝ» ማለት ፍቅርን ሳያጐድል ክብርን ይጠብቃል፤ ከዚህ የጣፈጠ ቁልምጫ ከወዴት ይመጣል?

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን እንመለስ። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ፣ ከሌሎችም የገጠር ቀበሌዎች ብዙ ልጃገረዶች ወደ ከተማ መጥተው በየቤታችን ያገለግላሉ። ስለ እነርሱ ስንጠየቅ «እኛማ እንደ ልጃችን ነው የምናያት» እንላለን። ይህ ቃል እውነት የሆነበት ቤት አለ። በዚያ ቤት ልጅቱ ማታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ስትታመም ትታከማለች፤ ደመወዟ በቀኑ በእጇ ይገባል፤ ለበዓልም ወላጆቿን ለማየት ትሄዳለች። ቃሉ የዕዳ መሸሻ የሆነበትም ቤት አለ። «ልጃችን ናት» ይባልና ደመወዟ «እኛ ዘንድ ተቀምጦላታል» ይባላል፤ ሲቈጠር ግን አይገኝም። «ልጃችን ናት» ይባልና የዕረፍት ቀን አይሰጣትም፤ ልጅ ከቤቷ ወዴት ትሄዳለች ተብሎ። ለደመወዙና ለዕረፍቱ ሲሆን ልጅ ናት፤ ለማዕዱና ለትምህርቱ ሲሆን ሠራተኛ ናት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሠራተኛው ከአሠሪው ጋራ የሚኖር በሆነ ጊዜ አሠሪው በማደሪያውና በምግቡ ረገድ ጤናውንና ግብረ ገቡን እንዲጠብቅለት ያዝዛል። «ልጄ» የሚለው ቃል ግን ከሕጉ እጅግ አብልጦ ይጠይቃል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን እንምረጥ። ወይ በስሟ ጠርተን እንደ ሠራተኛ ሙሉ ደመወዟንና ዕረፍቷን እንስጣት፤ ይህ ቅን ነገር ነው። ወይም «ልጄ» እንበላትና፣ ሠራተኛ የሚገባውን ሁሉ ከሰጠን በኋላ ልጅ የሚገባውን ደግሞ እንጨምርላት። ምርቃት የሚጨመረው ልኩ ከሞላ በኋላ ነው፤ ልኩን አጉድሎ «መረቅሁልህ» የሚል ሻጭ በየትኛውም ገበያ አይከበርም።

ልጆቻችንንም ይህን ሥርዓት ከትንሽነታቸው እናስተምራቸው። የማያውቁትን ሽማግሌ «አባቴ» ሲሉ ከመቀመጫቸው ይነሡ፤ ባልቴቲቱን «እናቴ» ሲሉ ሸክሟን ይቀበሉ። ማንም የማያውቁት ሰው «የኔ ቆንጆ» ብሎ ሲያባብላቸው ግን ቃሉ ጣፋጭ ስለሆነ ብቻ ዘመድ ነው ብለው አይመኑ። በቤታችን የምታገለግለውም ልጅ ከእነርሱ የምትበልጥ እንደሆነች «እትዬ» ይበሏት፤ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ልጆቹ የሰውን ክብር በገንዘብ እንዳይመዝኑ ያደርጋቸዋል።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ዛሬ ማታ ከማዕዱ በፊት በቤታችሁ ያለችውን ልጅ የአባቷን ስም፣ የተወለደችበትን ቀበሌና ያጠመቃትን ደብር ጠይቋት። ብዙ ዘመን «ልጄ» ስንላት ኖረን እነዚህን ሦስት ነገሮች ሳናውቅ ከቀረን፣ ዕዳው ገና አልተከፈለም።